አሻንጉሊቱ የማን ነው?

አንድ ሕፃን ከሱቅ ገብቶ የጨርቅ ውሻ ገዛ እንበል። ዋጋውን ከፍሎ፣ ውሻውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ውሻው የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሕግ ተማሪ ቀርቶ ማንም መንገደኛ «የሕፃኑ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። ሕፃኑ ቢፈልግ አቅፎት ይተኛል፤ ቢፈልግ ለታናሽ እኅቱ ይሰጠዋል፤ ቢሰለቸው ከአልጋ ሥር ይወረውረዋል። የገዛ ሰው በገዛው ዕቃ ያዝዝበታል። ነገር ግን በእኛ ዘመን ይህ ቀላል መልስ የማይበቃው አንድ ዓይነት አሻንጉሊት ተፈጥሯል። ይኸውም ምሥጢራዊ ቁጥር ታስሮለት የሚሸጥ፣ ቁጥሩም በኢንተርኔት ሲመዘገብ በኮምፒዩተር ውስጥ ነፍስ የሚዘራ የጨርቅ እንስሳ ነው።

ይህን ጉዳይ በመጽሔታችን ላይ ለማንሣት ስናስብ፣ አንዳንድ ጓደኞቻችን «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሕፃናት መጫወቻ ምን አገባው?» እያሉ ስቀውብናል። ሳቃቸውን በደስታ ተቀብለናል። ዳሩ ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው፣ የኤኮኖሚክስ፣ የሕግ፣ የሥነ ትምህርትና የምሕንድስና ተማሪዎች ሁሉ ሊከራከሩበት የሚችሉት ጉዳይ በአንዲት የጨርቅ ድመት ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቆ አገኘነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ለእኛ ምን እንደሚነግረን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የዚህ አሻንጉሊት ወላጆች ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ወላጅ ጃፓናዊ ነው። ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1996 ታማጎቺ የሚባል፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ያሉት ሦስት ቁልፎችና አንድ ጠባብ ስክሪን ብቻ ነበሩ። በስክሪኑ ውስጥ አንድ ፍጡር ይፈለፈላል፤ ይራባል፤ ይቆሽሻል፤ ይታመማል፤ ባለቤቱ ቁልፍ እየተጫነ ካላበላውና ካላጸዳው ደግሞ ይሞታል። በ1997 ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በአስር ሚሊዮኖች ተሸጠ። ፍጡሩ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሆኑን ሳያውቅ ይራብ ስለ ነበር፣ ልጆቹ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ወደ ኪሳቸው መመልከት አበዙ፤ በየአገሩም ብዙ ትምህርት ቤቶች ወደ ክፍል ይዞ መግባትን ከለከሉ። ታማጎቺ ለነጋዴዎች ያስተማረው ትምህርት ይህ ነው፤ ሰው የሚወደውን ይንከባከባል ብቻ ሳይሆን፣ የሚንከባከበውንም ይወዳል። በጥቂት ነጥቦች የተሳለ ፍጡር እንኳ ቢሆን፣ በየቀኑ ያበላው ልጅ ይወደዋል።

ሁለተኛው ወላጅ አሜሪካዊ ነው። ታይ ዋርነር የተባለው ነጋዴ በ1993 ቢኒ ቤቢስ የሚባሉትን፣ ሆዳቸው በጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬ የተሞላ የጨርቅ እንስሶች አወጣ። የአንዱ ዋጋ 5 ዶላር ያህል ነበር። ብልኀቱ ከጨርቁ ሳይሆን ከአቅርቦቱ ላይ ነበር። ኩባንያው ደስ ባለው ጊዜ አንዱን ዓይነት «ጡረታ ወጥቷል» ብሎ ማምረቱን ያቆማል፤ ጡረታ የወጣው እንስሳም በማግሥቱ ብርቅ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አዋቂዎች ሳይቀሩ «ለልጆቻችን የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል» እያሉ በየሣጥኑ ያከማቹት ጀመር። በ1999 ኩባንያው ጭራሹን ማምረት አቆማለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ኋላም ሐሳቡን ለውጦ ቀጠለ። የገበያው ትኩሳት ግን በረደ፤ በሣጥን የተከማቸው ሀብትም ተመልሶ ጨርቅ ሆነ። ቢኒ ቤቢስ ለነጋዴዎች ያስተማሩት ትምህርት ደግሞ፣ ብርቅነት የግድ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ ሳይሆን በአንድ ማስታወቂያ ሊፈጠር የሚችል መሆኑን ነው።

በዚህ መካከል የታማጎቺ አሳብ ከመዳፍ ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ገባ። በ1999 ሁለት ወጣት እንግሊዞች ኒዮፔትስ የተባለውን፣ ሕፃናትና ወጣቶች በነፃ እየገቡ ምናባዊ እንስሳ የሚያሳድጉበትን ድረ ገጽ ከፈቱ። ገቢው በይበልጥ የሚመጣው ከማስታወቂያ ነበር። በ2005 ቫያኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ድረ ገጹን በ160 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በመዳፍ የማይዳሰስ፣ በሚዛን የማይመዘን እንስሳ ይህን ያህል ዋጋ ማውጣቱ ብዙ ነጋዴዎችን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷል።

የሁለቱ ወላጆች ጋብቻ የተፈጸመው ግን በካናዳ ነው። ጋንዝ በቶሮንቶ አጠገብ የሚገኝ፣ የስጦታ ዕቃና የጨርቅ አሻንጉሊት ለትንንሽ ሱቆች ሲያከፋፍል የኖረ የቤተ ሰብ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ2005 ኤፕሪል ወር ዌብኪንዝ የሚባሉትን እንስሶች አወጣ። በ2006 እና በ2007 ዌብኪንዝ በሰሜን አሜሪካ የልጆች ሁሉ ወሬ ሆነ፤ ሱቆች ዕቃው ገና ሳይገባ ተራ የሚጠብቁ እናቶችን ስም ይመዘግቡ ነበር።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ ልጅ በምሳሌ እንከተል። አያቱ ከስጦታ ሱቅ በዚያን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዶላር ይደርስ በነበረ ዋጋ የጨርቅ እንቁራሪት ትገዛለታለች። ከእንቁራሪቱ ጋር የታሰረው ካርድ ሲከፈት በውስጡ ምሥጢራዊ ኮድ ይገኛል። ኮዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጁ በኢንተርኔት የዌብኪንዝን ዓለም ከፍቶ ኮዱን ሲጽፍ፣ ሚስ በርዲ የምትባል የወፍ ሹም ትቀበለዋለች፤ ለእንስሳው ስም እንዲያወጣለትም ታደርጋለች፤ በመጨረሻም የጉዲፈቻ ምስክር ወረቀት ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ በእጁ ያለው እንቁራሪት አምሳያ በስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ስጦታ፣ መነሻ የሚሆንም «ኪንዝካሽ» የሚባል የዚያ ዓለም ገንዘብ ይሰጠዋል። ከእንስሳው ምስል አጠገብ ጤናውን፣ ደስታውንና ረኀቡን የሚያሳዩ ሦስት መለኪያዎች አሉ። ልጁ ካላበላውና ካላጫወተው መለኪያዎቹ ይወርዳሉ፤ እንስሳው ይታመማል፤ ዶክተር ኳክ ወደሚባለው ዳክዬ ሐኪም ይወሰዳል። ነገር ግን ከታማጎቺ በተለየ መንገድ፣ ዌብኪንዝ አይሞትም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። ጨዋታው በኢንተርኔት ከሆነ ጨርቁ ለምን አስፈለገ? መልሱ የንግዱን ሁሉ ቁልፍ ይይዛል። ሕፃን የባንክ ካርድ የለውም። በኢንተርኔት መክፈል አይችልም፤ ወላጆቹም የማያውቁት ድረ ገጽ በየወሩ ገንዘብ እንዲወስድባቸው አይፈቅዱም። አያት ግን ሱቅ ገብታ ለልደት ቀን አሻንጉሊት መግዛት ታውቃለች። እንግዲህ እንቁራሪቱ በአንድ ወገን አሻንጉሊት፣ በሌላው ወገን የመግቢያ ደረሰኝ ነው ማለት ነው። ገንዘብ ከአያት ቦርሳ ተነሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ዓለም የሚሻገርበት ድልድይ ከጨርቅ ተሠራ። ድልድዩም ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ሲሻገሩበት መሻገራቸውን ያስተዋሉ ጥቂቶች ናቸው።

ወደ ውስጥ ገብተን የዚያን ዓለም ኤኮኖሚ ስንመለከት ደግሞ ለኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ጥሩ የመልመጃ ጥያቄ እናገኛለን። ልጁ ኪንዝካሽ የሚያገኘው ጨዋታ በመጫወት፣ የዕውቀት ጥያቄዎችን በመመለስና በሥራ ማስያዣ ቢሮ በኩል በየ8 ሰዓቱ አንድ አጭር ሥራ በመሥራት ነው። የሚያወጣውም ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለወንበርና ለአልጋ፣ ለተጨማሪ ክፍልም ነው። ገንዘቡን የሚያትመው ኩባንያው ነው። ዕቃውን የሚሠራው ኩባንያው ነው። ዋጋውን የሚተምነው፣ ደመወዙን የሚወስነው፣ ሱቁን የሚከፍተውና የሚዘጋውም ይኸው ኩባንያ ነው። አንድ ምናባዊ አልጋ ከተሳለ በኋላ ሁለተኛውን ለማባዛት የሚወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ልጁ ግን አልጋውን ለማግኘት ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን ይለፋል። ብርቅ ዕቃዎችም አሉ። አንዳንድ ምግብና አንዳንድ የቤት ዕቃ የሚገኘው የተወሰነ ዓይነት እንስሳ ለገዛ ብቻ ነው። የወሩ ተመራጭ እንስሳ ይታወጃል፤ አንዳንዱም ዓይነት እንደ ቢኒ ቤቢስ ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ በስክሪኑ ውስጥ የተፈጠረው ፍላጎት ልጁን መልሶ ወደ እውነተኛው ሱቅ ይልከዋል።

ኩባንያውን የምንከስስ መስለን እንዳንታይ፣ መልካሙንም ጎን መናገር ይገባናል። በአሜሪካ በ1998 የወጣውና በ2000 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ድረ ገጾች ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ያግዳል። ዌብኪንዝ ለሕፃናት ጥንቃቄ ካደረጉት መካከል አንዱ ነበር። በመደበኛው የመነጋገሪያ ክፍል ልጆች የሚነጋገሩት አስቀድሞ ከተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች እየመረጡ ስለ ነበር፣ ማንም እንግዳ ሰው ሕፃኑን «ቤትህ የት ነው?» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። ከዚህም በላይ ልጆቹ ገንዘብ ማጠራቀምን፣ ሠርቶ መግዛትን፣ ለደካማ ማሰብን እየተጫወቱ ተምረዋል የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኛም ይህን አንክድም። የጥያቄ ጨዋታው ከአንዳንድ የመማሪያ መጻሕፍት ይልቅ ልጅን ሳይጎትት አልቀረም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ በካርዱ ላይ በትንሹ የሚጻፈው ነው። ዌብኪንዝ ሲጀመር በነበረው ደንብ፣ አንድ ኮድ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ልጁ ሌላ አሻንጉሊት ገዝቶ አዲስ ኮድ ካላስገባ፣ ወደዚያ ዓለም መግባት አይችልም። እንቁራሪቱ፣ ክፍሉ፣ የለፋበት አልጋ፣ ያጠራቀመው ኪንዝካሽ ሁሉ በተዘጋ በር ውስጥ ይቀራል። አዲስ ከገዛ ግን የቀድሞውም የአዲሱም በር ለሌላ ዓመት ይከፈታል። ከጊዜ በኋላ ይህ ደንብ ላላ፤ ነፃ አካውንትና እየተከፈለበት የሚታደስ የዴሉክስ አባልነት ተለይተው መጡ። መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ጨርቁ ተሽጧል፤ ነፍሱ ተከራይቷል።

እስቲ ቃሉን እንመርምር። በእኛ አገር ጉዲፈቻ ሲባል የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን ነው። ለዓመት ብቻ ጉዲፈቻ ያደረገ ሰው ሰምተን አናውቅም። የ7 ዓመት ሕፃን ግን ስሙን አስጽፎ፣ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ፣ «እንስሳው የእኔ ነው» ብሎ ካመነ በኋላ፣ በዓመቱ የኪራይ ጊዜ አለቀ ይባላል። የታሪክ ትምህርት የተማርን ሁላችን ባለርስትና ጭሰኛ የሚባሉትን ቃላት እናውቃለን። ጭሰኛ መሬቱን ያርሳል፤ ያርማል፤ ጎጆ ይቀልሳል፤ ዓመት ሲዞር ግን በመሬቱ ላይ የመቆየቱ ጉዳይ በሌላ ሰው ፈቃድ ነው። የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ መከራና የአንድ ሕፃን ጨዋታ በምንም የሚወዳደሩ አይደሉም። የውሉ ቅርጽ ግን አንድ ነው። ድካሙ የአንዱ፣ ቤቱ የሌላው ነው። ልዩነቱ ጭሰኛው ጭሰኛ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሕፃኑ ግን ባለርስት የሆነ ይመስለዋል።

የቤቱ ባለቤት ሌላ መሆኑ የሚታየው ኪራይ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። በ2007 መጨረሻ ገደማ በዌብኪንዝ ዓለም ውስጥ ለልጆች የተሠሩ የሲኒማ ፊልሞች ማስታወቂያ መታየት ጀመረ። በአሜሪካ የልጅነትን ዕድሜ ከንግድ ማስታወቂያ ለመጠበቅ የሚታገል ማኅበርና ብዙ ወላጆች «አሻንጉሊቱን በገንዘባችን ገዝተን ሳለ ልጆቻችን እንደገና ለማስታወቂያ ይሸጣሉን?» ሲሉ ተቃወሙ። አቤቱታው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከውሉ ጋር ሲመዛዘን፣ ተከራይ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ለመወሰን ምን ሥልጣን አለው?

ከዚህ የባሰው ቤቱ ጭራሹን የሚፈርስበት ቀን ነው። ከዌብኪንዝ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ2005፣ በዚያው በካናዳ ክለብ ፔንጉዊን የሚባል የሕፃናት ዓለም ተከፍቶ ነበር። በ2007 ዲዝኒ በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ቀጥሎም ኮድ ያላቸው የጨርቅ ፔንጉዊኖች በየሱቁ ተሸጡ። የቢኒ ቤቢስ ባለቤት ታይ እንኳ በ2008 የኢንተርኔት ኮድ ያላቸውን እንስሶች ይዞ ወደ ገበያው ገባ። ክለብ ፔንጉዊን ግን በ2017 ማርች 30 ተዘጋ። በመጨረሻዎቹ ሰዓቶች ለአካለ መጠን የደረሱ ብዙ ወጣቶች የልጅነት ቤታቸውን ለመሰናበት ገብተው ነበር። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የቀሩት የጨርቅ ፔንጉዊኖች ኮዳቸው የማይከፍተው በር ብቻ ቀራቸው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቤቱን የሚያፈርሰው ባለቤቱ እንኳ አይደለም። እነዚህ ዓለማት አብዛኞቹ የተሠሩት ፍላሽ በሚባል፣ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በሚያስተዳድረው ቴክኒክ ነበር። አዶቢ በ2020 መጨረሻ የፍላሽን አገልግሎት አቆመ። የብዙ ሕፃናት ጨዋታዎች በዚያው ጠፉ፤ በእንግሊዝ አገር ተወልዶ የነበረው ሞሺ ሞንስተርስም ጊዜው ሳይደርስ በ2019 ዲሴምበር በሩን ዘጋ። ዌብኪንዝ በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሆኖ ተሠርቶ ስለ ነበር ከማዕበሉ ተረፈ። የምሕንድስና ጓደኞቻችን እንደሚያስረዱን፣ እንዲህ ያለው ዓለም በአንድ መሠረት ላይ የቆመ ሳይሆን፣ የሌሎች ሰዎች መሠረት ባረፈበት መሠረት ላይ የተደራረበ ነው። ከታች አንዱ ሲነሣ ከላይ ያለው ሕፃን ምክንያቱን ሳያውቅ ይወድቃል።

«የሲኒማ ትኬትስ ቢሆን ያው አይደለምን? ከፍለህ ታያለህ፤ ሲያልቅ ትወጣለህ» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ መልስም አለው። ሲኒማ የሚገባ ሰው ትኬት መግዛቱን ያውቃል። በወንበሩ ላይ ስሙን አይጽፍም፤ ወንበሩንም በየቀኑ አያበላም። ኪራይ በራሱ ነውር አይደለም፤ እኛም ብዙዎቻችን በኪራይ ቤት አድገናል። ነውሩ ኪራይን ሽያጭ፣ ውልን ጉዲፈቻ ብሎ መጥራት ነው፤ ያውም ፊደል ቆጥሮ ላልጨረሰ ሰው።

ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ነገሮች ተገቢ ናቸው ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ ነገሩ የተወሰነ ዕድሜ ያለው ከሆነ፣ በካርዱ ፊት ለፊት ሕፃኑም አያቱም በሚረዱት ቋንቋ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቤቱ የሚዘጋ ከሆነ፣ ልጁ የለፋበትን ክፍልና የእንስሳውን ምስል ያለ ኢንተርኔት ሊያየው በሚችልበት መልክ ይዞ እንዲወጣ ይደረግ፤ ይህ በቴክኒክ በኩል የማይቻል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ ነገ ከመካከላችን ጨዋታ የሚሠሩ፣ ሕግ የሚያረቁ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ይወጣሉና፣ «የሸጥነው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከሥራው በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄው ለሕፃናት ብቻ እንዳይመስለን። በስልካችን ላይ «ገዛሁ» የምንለውን መጽሐፍ፣ የምንወደውን ዘፈን፣ ለዓመታት ያከማቸነውን ፎቶግራፍ እናስብ። ስንቱ በእጃችን ነው? ስንቱስ በሌላ ሰው ቤት በይለፍ ቃል የሚጎበኝ ነው? በሕፃኑ እንቁራሪት የሳቅን ሁላችን፣ እንቁራሪቱ እንኳ የሚዳሰስ ጨርቅ ያለው መሆኑን ልናስታውስ ይገባል። የእኛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ያም የለውም።

አንድ ነገር ብቻ አክለን እንጨርስ። ከእነዚህ እንስሶች አንዱ ካርዱ ተቆርጦ፣ ኮዱ ከዓመታት በፊት ተሠርቶበት፣ ከሰልባጅ ክምር መካከል ወደ አንዲት የአገራችን ሕፃን እጅ ቢደርስ፣ ሕፃኒቱ ስለ ኮዱ ምንም አታውቅም። ስም ታወጣለታለች፤ በነጠላ ታዝለዋለች፤ በቡና ስኒ ታጠጣዋለች። ዓመቱ ሲሞላ ማንም መጥቶ በሩን አይዘጋባትም። ያ አሻንጉሊት የማን ነው ቢባል፣ መንገደኛው በመጀመሪያ የሰጠው መልስ እንደገና ትክክል ይሆናል።